ስድስተኛው ምሥጢር

የቤተ ክርስቲያናችን እምነት የቆመባቸው አዕማደ ምሥጢር አምስት መሆናቸውን በሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቃል፤ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። በመንዝ ደጋ ባለችው አጥቢያችን ግን ስድስተኛ ተጨምሯል፤ ምሥጢረ ካዝና ይባላል። አምስቱን መምህራን ያብራሯቸዋል፤ ስድስተኛውን ለማብራራት የደፈረ እስካሁን አልተገኘም።

ገቢው ምሥጢር እንዳይመስላችሁ። በንግሥ ዕለት ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ «እገሌ አምስት መቶ ብር፤ እልል በሉ!» ሲል ከወዲያ ማዶ ያለ እረኛ ሳይቀር ይሰማል። «ስማቸው እንዲጠራ ያልፈለጉ እኅታችን» ብሎ በሚያልፋቸው ጊዜ እንኳ ወደየትኛዋ ጃንጥላ እንደሚያይ ሁላችንም እናያለን። ወጪው ላይ ሲደረስ ግን ድምፅ ማጉያው መብራት እንደጠፋበት ሁሉ ጸጥ ይላል።

ሰባኪያችን ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ሳያነሣ አይወርድም። መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ያስቀሩት ባልና ሚስት ተራ በተራ ወድቀው እንደሞቱ ሲተርክ ኪሱን የማይዳብስ የለም። ጴጥሮስ ግን ሐናንያን የገሠጸው ስለ ዋሸ እንጂ ብሩን ስላስቀረ አይደለም፤ ብሩማ ከሽያጩ በኋላም በእጁ፣ በሥልጣኑ ሥር እንደነበረ ነግሮታል። (እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ የሰባኪው ሰዓት ሁልጊዜ ያልቃል።)

ባለፈው የሚካኤል ማኅበር ጽዋው ዞሮ፣ ዳቦው ተቆርሶ ሲያበቃ፣ ለቆርቆሮ መግዣ ዶሮዎቻቸውን ሸጠው የሰጡ አንዲት እናት፣ «አባ፣ ያ የጣራው ብር ከምን ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ቄሰ ገበዙ የያዙትን ጠላ አስቀምጠው፣ «ወለተ ሥላሴ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ገመና ነው፤ ቢወጣ ምእመናን ይሰናከላሉ» አሉ። «ምእመናኑ እኛ አይደለን እንዴ፣ አባቴ? ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስብን መች ተሰናከልን?»

ካህን የተናዘዙለትን ኃጢአት እንዳያወጣ የታዘዘው ኃጢአተኛው ሳይፈራ እንዲመጣ ነው፤ ካዝናው ግን መች ተናዘዘ? የማን ልጅ ከማን ጋር እንደኮበለለች፣ ማን ጾም እንደገደፈ ጽዋው ሳይዞር የሚታወቅበት አገር፣ የቆርቆሮ ዋጋ ሲጠየቅ በድንገት የንስሐ አባት ይሆናል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዐዋዲ፣ አጥቢያውን የሚያስተዳድረውን ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሲያዋቅረው አንዱ ወገን ሌላውን እንዲያይ መስሎኝ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ሦስቱም በአንድነት ዐይናቸውን መጨፈን ተስማምተዋል። ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። ምናልባትም ብሩ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ተቀምጦ ይሆናል፤ ከመደበቅ ብዛት ንጹሕ ሒሳብ እንኳ እንደ ነውር ተሸፍኗል።

ከማኅበሩ ማግሥት ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን እናድስ ከሚሉት፣ በመናፍቅነት ከሚከሰሱት የተሐድሶ ወገን እንዳይሆኑ በጥብቅ እንዲጣራ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው ከአባላቱ አፍ እንዳይወጣ ሁሉም ፈርመው ግዝት ገቡ፤ ማኅተም ተመታበት፣ ተቆለፈበትም። የዚያኑ ዕለት ማታ አረቄ ቤት ውስጥ ከነተራ ቁጥሩ ሲነገር ሰማሁት። የቆርቆሮው ሒሳብ ግን አረቄ ቤትም አልደረሰ።