ሞዚላን የጎዳው ክሮም ብቻ አይደለም
ያነበብኩት ጽሑፍ የፋየርፎክስ ብራውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ሠሪ የሆነውን ሞዚላን የጣለው የጉግል ብራውዘር ክሮም ነው ይላል። ግማሽ እውነት ነው። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ ፋየርፎክስን በየኮምፒውተሩ የምንጭነው ወደን ነበር። የማይክሮሶፍት ብራውዘር በሆነው ኤክስፕሎረር 6 ላይ ማስታወቂያው ብቅ ብቅ እያለ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ደግሞ በደቂቃ ነው። ፋየርፎክስ ያንን ዘጋልን።

ክሮም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ግን የሞዚላ ገቢ አብዛኛው ጉግል የፋየርፎክስ ዋና መፈለጊያ እንዲሆን ከሚከፍልበት የፍለጋ ውል ነበር። የተፎካካሪህን እጅ እያየህ እንዴት ትፎካከራለህ? እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ የ2020ው ነው። በኦገስት 250 ገደማ የሞዚላ ሠራተኞች ሲቀነሱ የሰርቮ ቡድንም አብሮ ተበተነ። የነገውን የብራውዘር ሞተር (የድረ ገጽን ኮድ ወደሚታይ ገጽ የሚቀይረውን ክፍል) የሚሠሩት እነሱ ነበሩ እኮ! ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያደገውም እዚያው ሞዚላ ውስጥ ነው፤ በ2021 የራሱ ፋውንዴሽን ተቋቋመለት። ጸሐፊው ይህንን መዝለል አልነበረበትም።