ላፕቶፑ አላረጀም፣ አስረጁት እንጂ!

አቦ፣ አሁንስ በዛ! «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» (የላፕቶፑ ፕሮሰሰር፣ ማለትም አንጎሉ፣ ስንተኛ ትውልድ ነው) የምትለው ጥያቄ ድሬ ላይ የሰው ገንዘብ መብያ ሆና ቀረች። ሰው ለአምስት ለስድስት ዓመት አንድ ቀን ያላስቸገረውን ላፕቶፕ ይዞ ታይዋን የሚባለው ገበያ ይገባል፤ ትንሽ ቀርፈፍ ብሎብኛል፣ ይታይልኝ ይላል። ጀነሬሽኑ ይጠየቃል። ስድስተኛ ወይ ሰባተኛ ከሆነ ነገሩ አለቀ። «ይሄማ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ አርጅቷል፣ ትንሽ ጨምርና አዲስ ውሰድ» ይባላል። ክዳኑ እንኳን ሳይፈታ! ሰውየው የራሱን በርካሽ ጥሎ፣ ላዩ ላይ ብር ጨምሮ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ «አዲስ» ታቅፎ ይወጣል።

እስቲ ያንን አዲስ የተባለውን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ርካሹ ሴለሮን ኤን 4020 ነው፤ ሁለት ኮር፣ ሁለት ትሬድ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ብቻ የሚይዝ። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ። ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ነገ ልጨምር ቢሉ መጨመሪያ የለውም። ኢኤምኤምሲ ማለት ስልክና ታብሌት ላይ የሚገባው ዓይነት ማከማቻ ነው፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ፍጥነቱ አይገናኝም። ከ64 ጊጋው ሲሶውንና ከዚያ በላይ ዊንዶውስ ራሱ ይወስደዋል። ትልቁ ዓመታዊ አፕዴት ሲመጣ «ቦታ የለም» ይላል፤ ፎቶ ሰርዙ፣ ፋይል አውጡ፣ እንደገና ሞክሩ፣ አሁንም የለም። ክሮም ላይ አራት አምስት ገጽ ከቴሌግራም ጋር ከተከፈተ ማውሱ መንቀሳቀስ ያቆማል።

አስረክቦት የሄደው ላፕቶፕስ? ሰባተኛ ጀነሬሽኑ ኮር አይ 7 7700 ኤችኪው ሊሆን ይችላል፦ አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ፣ ሁለት የራም ማስገቢያ፣ የሚነቀል ዲስክ። እንግዲህ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ላይ ሴለሮን ኤን 4020 ተፈቅዶለታል፤ 7700 ኤችኪው ተከልክሏል። ደካማው አዲስ ተባለ፣ ጠንካራው አሮጌ ተባለ። ይሄን እያየ ዝም የሚል ባለሙያ ካለ ስለ ሙያው ግድ የለውም።

ማይክሮሶፍት መስከረም 25 ቀን 2014 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ የኢንቴሉን መስመር ስምንተኛ ጀነሬሽን ላይ አሰመረ። ምክንያቱ ደህንነት ነው አለ። ደህንነትማ ቁም ነገር ነው፣ የሚከራከር የለም። ግን ምክንያቱን ፈልፍለን እንየዋ! ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፍ የሚይዝ ክፍል) ያስፈልጋል አሉ። ብዙዎቹ ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን ማሽኖች እኮ አላቸው፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ሴኩሪቲ ወይም አድቫንስድ የሚለው ስር «ፒቲቲ» ተብሎ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፣ ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ምክንያት ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው መከላከያ ነው። ይሄ ማሽኑን ሳያንቀራፍፍ እንዲሠራ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚያግዘው ነገር መኖር አለበት። ያ አጋዥ ኢንቴል ላይ የገባው መቼ ነው? በሰባተኛው ጀነሬሽን! የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ላይ ደግሞ ዜን 2 በሚባለው ትውልድ ነው የመጣው፤ ከዚያ ቀድሞ የወጣው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 2600 የለውም። አሁን ማን ተፈቀደ? ራይዘን 2600። ማን ተከለከለ? አጋዡ ያለው ሰባተኛው ጀነሬሽን። ከሰባተኛዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች መሃል ኋላ ላይ 7820 ኤችኪው ተፈቀደለት፤ እሱ ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ ይሸጠው የነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው። ከዚህ በኋላ «ቴክኒካል ምክንያት ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማም።

ነገሩ የሒሳብ ነው። ከ10 ወደ 11 መሸጋገር ነጻ ስለሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕ ለካምፓኒው አዲስ ሳንቲም አያመጣም። አዲስ ላፕቶፕ ሲሸጥ ግን አምራቹ ለዊንዶውሱ ይከፍላል። የላፕቶፕ አምራቾችም አዲስ ማሽን ስለሚሸጥላቸው ሁሉም በአንድ መስመር ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ «ኮፓይለት ፕላስ» ብለው ሌላ መስመር ጀምረዋል፦ 16 ጊጋ ራምና ለኤአይ ብቻ የተሠራ ቺፕ የሌለው አይገባም። ዛሬ ስምንተኛ ጀነሬሽን አለኝ ብሎ የተረጋጋ ሰው ይሄንንም ልብ ይበል።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቆመ። ቆመ የተባለው ለኛ ነው። ይሄው ዊንዶውስ 10 አይኦቲ ኤልቲኤስሲ 2021 በሚባለው መልኩ ለፋብሪካና ለክፍያ ማሽኖች እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 2032 ድረስ የደህንነት ጥገና ያገኛል። ጥገናው ይሠራል፣ ይፈተሻል፣ ይወጣል፤ እናንተ ቤት እንዲደርስ አልተፈለገም። ድርጅት ከሆናችሁ ለአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ለሁለተኛው እጥፉን፣ ለሦስተኛው የእጥፉን እጥፍ ክፈሉ ነው የተባለው። አሥር ኮምፒውተር ያለው የድሬ ድርጅት ይሄን ዶላር ከየት ያመጣል?

ለግለሰብ ግን ያለ ክፍያ የሚሄድበት መንገድ አለ፣ ሱቅ የማይነግሯችሁ እሱን ነው። ሴቲንግ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ግቡ። ማሽኑ 22ኤች2 (የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቨርዥን) ላይ ከሆነ «ኢንሮል ናው» የሚል ይመጣል። 30 ዶላር የሚለውን ተዉትና ሴቲንጋችሁን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ ማድረግ የሚለውን ምረጡ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ጥገናው ይቀጥልላችኋል፣ በአንድ አካውንት እስከ አሥር ማሽን። ዋይፋዩን ደግሞ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት፤ አለበለዚያ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻና አፕዴት ተጋግዘው የሞባይል ፓኬጁን በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል።

ዊንዶውስ 11 የግድ ነው የሚል ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሲያዘጋጅ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ የሚደረግ የደህንነት ፍተሻ) አይጠየቅ የሚለውን ይምረጥ፤ ሰባተኛ ጀነሬሽን ላይ በደንብ ይሠራል። ጉዳቱን እወቁት ብቻ፦ ወርሃዊው ጥገና ቢመጣም ትልቁ ዓመታዊ ቨርዥን በራሱ አይመጣም፣ በየዓመቱ በእጅ መጫን አለበት። በጣም የድሮው ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ላይ ግን አትልፉ፤ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ወዲህ ፕሮሰሰሩ የሚፈለገው ትዕዛዝ ስለሌለው ጨርሶ አይነሳም። ለጽሕፈት ቤትና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው፣ አማርኛ ኪቦርድም ይጫንለታል። እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች የዓመታት ማመልከቻ በድሮው፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያነበው የፊደል ኮድ) ባልሆነው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ዝርክርክ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ሳትሸጋገሩ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ወይ አንድ ማሽን ለሱ አስቀሩ።

ክራክ (ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ) ጭኖ አፕዴቱን ከሥሩ ዘግቶ የሚሰጥ ጫኝ ግን በጣም ነው የሚያናድደኝ። «አፕዴት ኮምፒውተር ያበላሻል» እያሉ ዲፌንደሩን፣ የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ፣ ያጠፉታል፣ ከዚያ ፎቶ ቤት የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይዞራል፣ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ በሩ የተነቀለ ቤት ነው የሚረከበው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። «ቀርፈፍ አለብኝ» የተባለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጀነሬሽን አይደለም። የድሬ ሙቀትና የድሬ አቧራ ነው! የታችኛውን ክዳን ፍቱት፣ ፋኑን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች አውጡ፣ ፋኑን አንሱት። ፋኑና የመዳብ ክንፎቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ ግራጫ ነገር እንደ ብርድ ልብስ ጨርቅ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። አቧራና የልብስ ክር አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ነው። በጣት ጫፍ ስትይዙት አንድ ሆኖ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ይላቀቃል። አየሩ በዚያ ማለፍ አይችልም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ፕሮሰሰሩ 95፣ 100 ዲግሪ ይደርስና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል። 3 ጊጋኸርዝ የነበረው ከ1 በታች ሊወርድ ይችላል። ሰውየው «አረጀ» የሚለው ይሄን ነው።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ከምንም በፊት ባትሪውን ከቦርዱ ንቀሉ። ፋኑን በጣት ይዛችሁ በብሩሽና በብሎወር አጽዱ፤ ሳይያዝ እየተሽከረከረ ከተነፋ ቡሹ ይጎዳል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አይሞከር፣ ከአየሩ ጋር ውሃ ይተፋል። የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጋችሁ አዲሱን የሩዝ ፍሬ የምታክል አድርጉ። ብሎኖቹን አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ እሰሩ። ድሬ ላይ ይሄ በዓመት አንዴ መደረግ አለበት፣ ሁለቴ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡ፤ ከሁሉም በላይ ማሽኑን የሚያነሳው እሱ ነው። ኤም.2 የሚባለውን ቀጭኑን ኤስኤስዲ ስትገዙ፣ ሁለት ዓይነት ስለሆነ፣ ማስገቢያው ሳታ ብቻ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል የሚለውን አጣሩ፣ ሳታ ብቻ የሆነው ላይ ኤንቪኤምኢ ጨርሶ አይታይም። አራተኛ ጀነሬሽን ላይ ደግሞ ራሙ ዲዲአር3ኤል፣ 1.35 ቮልት መሆን አለበት፤ ኤል የሌለውን ከሰካችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ትባላላችሁ።

እነዚህ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ይሄን ሁሉ የሚከለክሉ መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው። ራሙ ተበይዷል፣ ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ሙቀት ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ 100 ሞልቶ በድሬ ሙቀት የሚቀመጥ ባትሪ ቶሎ ያብጣል። ታችፓዱ አልጫን ካለ ወይ ከፍ ካለ ባትሪው ከሥር እየገፋው ነው፣ ወዲያው አጥፉት፣ እንዳትበሱት። ሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ በሚለው ፕሮግራም፣ ደልና ኤችፒ ላይ ባዮስ ውስጥ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። መብራት ይጠፋብናል ብላችሁ ካልተጨነቃችሁ በቀር 80 ላይ ተዉት። ቀጭን ለማድረግ መበየድ ግድ ነው የሚለውም ሰበብ ነው፤ ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ቲ14 ጄን 5 ላይ ሁለቱንም ራም ተነቃይ አድርጎ መልሶታል። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከደጅ ተሸክማችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ ጠይቁ። ሲፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተለጠፈው ስቲከር አይ 7 ቢልም ውስጡ አይ 5 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያችኋል። ባትሪውን በኮማንድ ፕሮምፕት ፓወር ኮንፊግ ባትሪ ሪፖርት አስወጡለት፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ይጻፋል፣ ግማሽ ከደረሰ ባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ማክቡክ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲነሳ የሰው አካውንት የማይጠይቅ መሆኑን ዓይናችሁ ይይ፤ ከጠየቀ ለናንተ አይሆንም። 2 ቴራ ተብሎ በትንሽ ብር የሚሸጠውን ፍላሽና ውጫዊ ኤስኤስዲ ደግሞ በኤች2 ቴስት ደብሊው እስከ ጥጉ ሙሉት፤ ውስጡ 16 ወይ 32 ጊጋ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው፣ ከዚያ በላይ የተጻፈው ፋይል ሁሉ ስሙ ብቻ ይቀራል።

አሥር ደቂቃውን የሚከለክል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ ላፕቶፑን መልሱለትና ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።