አፍንጫ ደረሰኝ አይቆርጥም

ባለፈው ሳምንት ባህር ዳር ላይ በነበረ የግብርና ግብዓት ነጋዴዎች ስብሰባ አንድ የዘርና የውሃ ፓምፕ አቅራቢ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ማይክ ይዘው «እኛ ገበያውን በአፍንጫችን ነው የምናውቀው፣ ዳታ ምናምን የአዲስ አበባ ቢሮ ወሬ ነው» አሉ፣ አዳራሹም አጨበጨበ። በሶስተኛው ቀን የድርጅታቸውን የመረጃ ክፍል ዘጉት። ሶስት ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱ መጋዘን ተላኩ፣ አንዷን ሌላ ሥራ ፈልጊ አሏት። ስም አልጠራም፣ ነገሩ የሳቸው ብቻ አይደለማ፤ ከደጀን እስከ ባህር ዳር ካለው ነጋዴ ግማሹ እንዲህ ነው የሚያስበው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ የነጋዴና የማኅበራት ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። አፍንጫ አፍንጫ ሲባል ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን ቀጥለው «ገበሬው ምርጥ ዘር የማይገዛው ለውጥ ስለማይፈልግ ነው» ሲሉ ደሜ ፈላ። ይሄን ማን ነገራቸው? የትኛውን ገበሬ ጠየቁ? መቼ?

እስቲ እንየው። እሳቸው የበቆሎ ዘር ሽያጭ የሚከፍቱት ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ዋናው ሽያጭ ግንቦት ነው። ግንቦት ላይ ደምበጫ ወይ ጅጋ ገበያ ወርዳችሁ አንድ ገበሬ ኪስህ ስንት አለ በሉት። ጎተራው ተራቁቷል፣ የጤፉ ብር አልቋል፣ ዘመድ ጋ ብድር እየጠየቀ ነው። ያው ሰውዬ ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ብር በእጁ ነበር፤ በቆሎውን ሰብስቦ፣ ጤፉን ወቅቶ ሸጧል። ከዚያ የመሬት ግብር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ አንዱ ቆርቆሮ ይገዛል ሌላው ልጁን ይድራል፣ ብሩ እንደ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል። ብር ባለው ጊዜ ማንም ዘር ይዞ ደጁ አልመጣም፣ ብሩ ሲያልቅ መጥተው «ለውጥ አይፈልግም» አሉት። ይሄ ስም ማጥፋት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደግሞ ይሄ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም። ምዕራብ ኬንያ ላይ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን ልክ ይሄንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፣ ገበሬው ማዳበሪያ እንደሚያዋጣው እያወቀ ለምን አይገዛም ብለው፤ ጥናቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ምርት እንደተሰበሰበ ገበሬው ቤት ሄደው አሁን በመደበኛው ዋጋ ከከፈልክ ማዳበሪያውን ቤትህ ድረስ በነጻ እናመጣልሃለን አሉት። ማዳበሪያ የሚጠቀመው ሰው ቁጥር ጨመረ። ዋጋ በግማሽ አልቀነሱም፣ ስብከት አልሰበኩም፣ ጊዜውን ነው ያስተካከሉት! ሰው ነገ እገዛለሁ ይላል፣ ነገ ሲመጣ ብሩ የለም፣ እኔም እንዲሁ ነኝ አንተም እንዲሁ ነህ፣ የጎጃም ገበሬ ከዚህ በምን ይለያል? ዱፍሎና ክሬመር በፈረንጆቹ 2019 ከአብሂጂት ባነርጂ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ዓይነት መስክ ወርዶ የመሞከር ሥራቸው ነው። ዘሩ በጥር ተሸጦ ቤት ይበላሻል የሚለኝ ካለ፣ ጥር ላይ ቀብድ ተቀበልና ደረሰኝ ቁረጥ፣ ዘሩን ሚያዝያ ይውሰድ። አለቀ።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ እነዚያ ሶስት ልጆች ይሄን በራሳቸው ደርሰውበት ነበር። ወረቀቱን በአይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፣ ከታች ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወሮቹ ተደርድረዋል፣ ላዩ ላይ ሁለት መስመር ብቻ። አረንጓዴው ገበሬው እህል ሸጦ ያገኘው ብር ነው፣ የሶስት ዓመት የእህል ግዢ ደረሰኝ አንድ በአንድ ገልብጠው ያወጡት። ቀዩ የድርጅቱ የዘር ሽያጭ ነው። አረንጓዴው ጥር ላይ እንደ ጮቄ ተራራ ቆሞ ግንቦት ላይ መሬት ይነካል፣ ቀዩ ግንቦት ላይ ብድግ ለማለት ይሞክራል ግን ጉብታ ነው፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይቶ ይገባዋል። የመጋዘኑ ዘበኛ እንኳ አይተው «ብሩ ሲያልቅ ነው እንዴ የሚሸጡት» ብለው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ገና እንዳዩት «ይሄማ ሥዕል ነው» አሉ፣ መልሰው ሰጧቸው።

አዎ ሥዕል ነው! በፈረንጆቹ 1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲጨርስ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ እንደተከማቹ አሳይቷል፣ ያም ሥዕል ነበር። እርግጥ አርባ ስላይድ በፕሮጀክተር እየገለበጡ ሰው የሚያስተኙ አማካሪዎች አሉ፣ እነሱን እኔም አልወድም። የልጆቹ ሥራ ግን አንድ ወረቀት፣ ሁለት መስመር ነው።

አፍንጫውንስ ቢሆን ማን ያሰለጠነው ነው? ቢቸና ላይ የጤፍ ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ እፍ ብሎ ማኛውን ከሰርገኛው ሲለይ አይቻለሁ፣ ለዚያ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ግን እሱ እጁ ላይ ያለውን እህል ነው የሚያውቀው እንጂ ያልመጣውን ደንበኛ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ዓመት ዘር ተርፎባቸው ከስረው ነበር፣ ያቺን ዓመት ሳያነሷት የሚያልፍ ስብሰባ የለም፣ ከዚያ ወዲህ በጥር መሸጥ ሲባል ይደነግጣሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካነማንና ትቨርስኪ በፈረንጆቹ 1979 የጻፉት ይሄንኑ ነው፣ ያጣነው ነገር ካገኘነው ይልቅ ያመናል ብለው። ጥር ላይ ሳይሸጡ የቀሩት ዘር ግን አያማቸውም፣ አያዩትማ፣ ደረሰኝ የለውም። ደግሞ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የሰለጠነ አፍንጫ ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ 100 ብር አልፎ ፓምፕ ሲያስመጣ ምን ሊያሸት ነው?

ኔትወርክ የለም መብራት የለም የሚለውንም ሰምቻለሁ። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ደረሰኝ መቁረጥ አላቆምንም እኮ። ልጆቹ ያንን ወረቀት የሠሩት በማስመሪያና በሁለት እስክሪብቶ ነው።

አሁንም ጊዜ አለ። ልጆቹን ይመልሱና ደምበጫ ላይ በጥር ቀብድ ይክፈቱ፣ ጅጋ ላይ እንደ ወትሮው ግንቦት ይሽጡ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሁለቱን ደረሰኝ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሂሳቡን እኔ በነጻ እሠራለሁ። ወረቀቱም እኔ ጋ ነው ያለው፣ ልጅቷ ስትወጣ ሰጥታኝ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ መጥተው መውሰድ ይችላሉ።