ደሴ ተቀምጣችሁ ምን አያችሁ?

ባለፈው ታኅሣሥ ልጆቼን ይዤ ከፍራንክፈርት ደሴ ገባሁ። ለሁለት ሳምንት ነው። ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ላሊበላስ? ጎንደርስ? ባሕር ዳር አትወስዳቸውም?" አልወሰድኳቸውም። ከተመለስንም በኋላ "እና ደሴ ተቀምጣችሁ ምን አያችሁ?" የሚለኝ አልጠፋም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ለመምጣት ለሚያስቡም ጭምር።

ላሊበላን ንቄ አይደለም። ልጆቼ አንድ ቀን ያዩታል። የገና ሰሞን ግን እዚያ የሚሞላው ሕዝብ ሊሳለም የመጣ ነው፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ የደረሰም አለ፤ በዚያ ሁሉ ምእመን መሀል ልጅ እየጎተትኩ ለፎቶ መጋፋት አልፈለግኩም።

ግፊያውን ደግሞ በምንኖርበት አገርም እናውቀዋለን። ጀርመን ውስጥ ኖይሽቫንሽታይን የሚባል፣ ግንባታው በ1869 የተጀመረ ቤተ መንግሥት አለ። ትኬቱ ላይ የምትገቡበት ሰዓት ይጻፍላችኋል፣ ተራችሁ ሲደርስ በቡድን ትገባላችሁ፣ ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ውስጡን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ቤተ መንግሥቱ በእውነት ያምራል። ልጆቼ ግን ከዚያ ቀን የሚያስታውሱት አይስክሬሙን ነው።

ስለዚህ የአገር ቤቱን ትኬት ከመቁረጤ በፊት ጠየቅኳቸው። ማንም ሳያዛችሁ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ምንድን ነው? ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ "ወፍ ማየት" አለኝ። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው፤ እሷ ኪሮሽ ይዛ ነው የምትውለው።

በዚህ በኩል ጀርመኖች ያስቀኑኛል። ፌራይን የሚሉት ነገር አላቸው፣ ማኅበር ማለት ነው። ወፍ የሚያይ፣ ንብ የሚያረባ፣ ቼዝ የሚጫወት፣ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ማኅበር አለው። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት አያቶቹ ከሚሆኑ ጡረተኞች ጋር መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጫካ ይወጣል፣ ማንም "ይሄ ምን ይጠቅምሃል?" አይለውም። እኛ ጋ ወፍ ሲያይ የዋለ ልጅ ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ይሄ ያሳዝነኛል።

ደሴ ላይ የመጀመሪያው ወፍ ራሱ ነው የመጣልን። ቁራ ነው፣ እናቴ ቤት አጥር ላይ አረፈ። እናቴ በርበሬ አስጥታ ስለነበር ልታባርረው ድንጋይ ስታነሳ ልጁ ሮጦ እጇን ያዘ። መንቁሩ ወፍራም የሆነ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ያ ቁራ ከእኛ የአፍሪካ ቀንድ ውጪ በዓለም ላይ የለም። እኔ በልጅነቴ በወንጭፍ ያባረርኩት ወፍ ነው። እናቴ በበኩሏ ኖኅ ልኮት ሳይመለስ ስለቀረው ቁራ ነገረችው፣ "የቁራ መልእክተኛ" የምንለው ከዚያ እንደመጣ። ልጁ የወፍ መጽሐፉ ጠርዝ ላይ በጀርመንኛ ጻፈው።

ከዚያ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት መንገዱ ደህና መሆኑን ዘመድ ጠየቅን፣ ከዚያ በሚኒባስ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው፣ ለታሪክ የመጣ ሰው ብዙ የሚያየው አለው፤ እኛ ግን ውሃው ዳር ቄጤማው አጠገብ ተቀመጥን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሄድ አንዲት ቢጫ ወፍ መጣች። ልጁ "ይቺን እኮ ጀርመንም አውቃታለሁ!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አውሮፓ በሙቀቱ ወራት ትፈለፍልና ብርዱን ሽሽት አፍሪካ ትወርዳለች። ቆሮሶ ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ አንድ የሰፈሩ ልጅ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። መነጽሩን እየተቀባበሉ ዋሉ። የትኛው ወፍ ዓሣ እንደሚሰርቀው፣ የትኛው የት ጎጆ እንደሚሠራ ያ ልጅ መጽሐፍ ሳያይ ነው የነገረን።

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር ልበል። ጀርመን ጸጥታ በሕግ ነው። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፣ ግድግዳ እንኳ በድሪል መብሳት አይቻልም። ደሴ እንደዚያ አይደለም፤ ንጋት ላይ አዛኑም ቅዳሴውም ይሰማል፣ ከዚያ ባጃጁ ይቀጥላል። ያሳረፈን የሚያጣድፈን ሰዓት አለመኖሩ ነው።

የጎደለውንም ልናገር። ደሴ መጻሕፍት ቤት ዞሬ ስለ ወፍ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ሐይቁ ዳር አረፍ የሚባልበት አንድ አግዳሚ ቢኖር ብዬም ተመኘሁ። ይሄ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ልጅቷ ደግሞ አክስቴን አገኘች። አክስቴ ቤት ያልተሸፈነ ነገር የለም፣ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ረከቦቱ፣ ሁሉም በራሷ ዳንቴል ነው። ልጄ የተማረችው ከዩቲዩብ ነው፣ ንድፍ እያየች ትቆጥራለች። አክስቴ ንድፍ አታይም፣ አንዴ ካየችው ጣቷ ያውቀዋል። ለክር ብለው አንድ ቀን ኮምቦልቻ ድረስ ወረዱ፤ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደሴ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሱና እዚያ ስትደርሱ ታወልቃላችሁ። በቀረው ቀን ከአቦል እስከ በረካ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። የልጄ አማርኛ የተሰባበረ ነው፣ ግን "ፍቺው"፣ "አጥብቂው"፣ "ዝለዪ" የሚሉትን ቃላት እኔ ሳላስተምራት ያዘቻቸው።

አንድ ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ ጀምረው ሳያልቅ የመመለሻችን ቀን ደረሰ። ለሁለት ተካፈሉት። አሁን እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደዋወላሉ፣ ልጄ ስልኩን ክሩ ላይ አስጠግታ ታሳያታለች፣ አክስቴ ትንሽ ዝም ብላ ታይና "አብሽሪ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ዘለሻል፣ ፍቺውና ከዚያ ጀምሪ" ትላታለች።