ቼክ መንዛሪ ቤቶች ባንክ የሌለውን ሠራተኛ ይጠቅሙታል ወይስ ይጎዱታል?

አሜሪካ ውስጥ የባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው የደመወዝ ቼኩን ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለውጠው፣ ብዙውን ጊዜ ኮሚሽን እየከፈለ በቼክ መንዛሪ ቤቶች ነው። የአገሪቱ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ጥናት 4.2 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች፣ ማለትም ወደ 5.6 ሚሊዮን ገደማ፣ ምንም ዓይነት የባንክ ሒሳብ አልነበራቸውም። በጉዳዩ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦ ሠራተኛው ወደ መንዛሪ ቤት የሚሄደው አስልቶ ነው። ዓርብ ማታ የ500 ዶላር ቼክ የተቀበለ የጽዳት ሠራተኛ ኒው ዮርክ ውስጥ ቢመነዝረው፣ 2.2 በመቶ ማለትም 11 ዶላር ይከፍላል። የተለጠፈውን የዋጋ ሠሌዳ አንብቦ፣ ከቼኩ ጀርባ ፈርሞ፣ 489 ዶላሩን ቆጥሮ ይቀበላል፤ እዚያው ቆሞም ለአከራዩ የሚሰጠውን መኒ ኦርደር (አስቀድሞ የተከፈለበት የክፍያ ሰነድ) ይገዛል፣ የመብራት ይከፍላል፣ ለእናቱም ሐዋላ ይልካል። ባንክ ቢያስገባው ግን ቼኩ እስኪጣራ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ መሐል ኪራዩ ተቆርጦ ሒሳቡ ቢጎድል፣ በብዙ ባንኮች ለዓመታት እንደተለመደው 35 ዶላር ገደማ ቅጣት ይጣልበታል። መቼ እንደሚመጣ ከማያውቀው ቅጣት ይልቅ አስቀድሞ የሚያውቀውን 11 ዶላር የመረጠ ሰው ተታሏል ሊባል አይገባም።

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ የጠቀሱት 11 ዶላር በየሳምንቱ ሲከፈል በዓመት 572 ዶላር ይሆናል፤ ይህ ሠራተኛ ከአንድ ሳምንት በላይ የሠራው ለመንዛሪው ነው ማለት ነው፤ ይህንን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። የኮሚሽን ጣሪያ የሚወስነውም የየግዛቱ ሕግ ስለሆነ፣ ጭራሽ ጣሪያ ያላበጁ ግዛቶች አሉ። በአንጻሩ «ባንክ ኦን» የተባለውን፣ ለርካሽ መሠረታዊ ሒሳቦች የወጣ መስፈርት ያሟሉ ሒሳቦች የወር ክፍያቸው አነስተኛ ነው፤ ሒሳቡ ጎደለ ተብሎም ቅጣት አይጠየቅባቸውም። አማራጩ እያለ ድኃው በገዛ ደመወዙ ላይ ኮሚሽን ሊከፍል አይገባም።

ደጋፊ፦ አማራጩ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ዕዳ ጥሎ ሒሳቡ የተዘጋበት ሰው ስሙ ባንኮች ሒሳብ ከመክፈታቸው በፊት በሚያዩት፣ ቼክሲስተምስ በተባለው መዝገብ እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ ባንኮች በዚሁ ምክንያት ይመልሱታል። መንዛሪ ቤቱ ደግሞ ባንኩ ሲዘጋ ክፍት ነው፤ ይህ ለቀን ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ስለዚያ መዝገብ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔንም የሚያስቆጣኝ እሱ ነው። ሰውን ለአንድ ያልተከፈለ ቅጣት ለዓመታት ደጅ ማስጠናት የባንኮቹ ጥፋት እንጂ የመንዛሪ ቤቶቹ ውለታ ማስረጃ አይደለም። ቤቶቹ ነገ ይዘጉ አላልሁም። የምለው በየግዛቱ የኮሚሽን ጣሪያ ይኑር፣ ማጭበርበር ካልተገኘበት በቀር ማንም በዚያ መዝገብ ምክንያት ብቻ መሠረታዊ ሒሳብ አይከልከል፣ ባንኮችም የደመወዝ ቼክ ገንዘብን በዕለቱ ይልቀቁ ነው።