ውዳሴ ኮች

ጎጃም ሊቅ ጠፍቶባት አያውቅም። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ፣ ዲማ እያለ፣ ለምኖ እየበላ፣ ስንት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ ነው «አሁን አስተምር» የሚባለው። የድሮ ሰው መቼም ጊዜ አለው። የዛሬው የጂም ኮቻችን ግን በጥቂት ሳምንት ስልጠና ስኳት ማሠራት ይማራል። ሰርተፍኬቱን በፍሬም ይሰቅላል። በማግስቱ ሐኪም ነው፣ የምግብ ባለሙያ ነው፣ ሲያስፈልግም የንስሐ አባት ነው። በአንድ ደሞዝ!

ደግሞ አያዳላም። ለደብረ ማርቆሱ መምህር፣ ለፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ፣ ጡት ለምታጠባዋ እናት በቴሌግራም የሚልከው ዳይት አንድ ነው። ጠዋት 6 እንቁላል፣ ምሳ የዶሮ ደረት፣ ማታ ሳልመን ከብሮኮሊ ጋር። ሳልመኑ ከየት እንደሚገዛ አልጻፈም። ባሕር ዳር ተቀምጦ የጣና ቆሮሶ ዓሣ ማዘዝ ለባለ ሰርተፍኬት አይመጥንም።

እንጀራ ክልክል ነው። «ጤፍ ካርቦ ነው፣ ቦርጭ ያወጣል» ይላል። በምትኩ ከውጭ የመጣ አጃ ያዛል። አጃስ ካርቦ አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። የቢቸና ገበሬ ዕድሜ ልኩን ጤፍ እየበላ ቦርጭ ያላወጣው ኮች ስላልነበረው ይሆናል።

እንጀራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎው ይወርዳል። ሰውነት ያከማቸው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ሲያልቅ በአንድ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚወጣ፣ የቀነሰው ባብዛኛው ውሃ ነው። ኮቻችን ግን «ስብ አቃጠልን» ብሎ ፎቶውን ለጥፎታል።

ሁዳዴ ሲገባም አይደነግጥም። «ኮቼ፣ ጾም ላይ ነኝ» ካሉት «ዌይ ፕሮቲን ውሰድ፣ እሱ ዱቄት ነው» ብሎ ይፈታል። ዱቄቱ የደረቀ አጓት ነው። እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው ማለት ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ ጿሚ በየቀኑ ሁለት ማንኪያ የወተት ተዋፅኦ በጥብጦ ይጠጣል፤ ኃጢአቱ በኮቹ።

ከሁሉ የማደንቅለት ድፍረቱን ነው። አንድ ኢንሱሊን የሚወጉ ጋሼ «ስኳር አለብኝ» አሉት። «አይጨነቁ ጋሼ፣ ቁርስ ይዝለሉ፣ ስኳሩ በራሱ ይጠፋል።» እውነት ብሏል፤ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ኢንሱሊን ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ጋሼ ትሬድሚል ላይ ላብ ሲያጠምቃቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ኮቻችን ምን አለ? «በርቱ ጋሼ፣ እየቀለጠ ነው!» ደግነቱ አጠገባቸው የነበረች ልጅ ከረሜላ ነበራት። ከረሜላ ዳይቱ ላይ የለም ብሎ ተቆጣት።

ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ሐኪም ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ቀንሱ ይላል። ኮቻችን ጨምሩ ይላል። ማንን ትሰማላችሁ? ሐኪሙ እኮ ቦርጭ አለው።

የውጭዎቹ ፈሪ ናቸው። አሜሪካ የታወቁት የአሰልጣኝ ሰርተፍኬት ሰጪዎች 18 ዓመት የሞላውን፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰውን ይፈትኑና «ስለ ጤናማ አመጋገብ በጠቅላላው ማውራት ትችላለህ፤ ለታማሚ ግን ዳይት አትዘዝ፣ ወደ ባለሙያ ላክ» ይሉታል። እዚያው አገር የተመዘገበ የምግብ ባለሙያ ለመሆን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስተርስ ያስፈልጋል፤ በተቆጣጣሪ ሥር የተሠራ 1000 ሰዓት ልምምድም አለበት። 1000 ሰዓት! የኛ ኮች በዚያ ጊዜ የስንቱን ኩላሊት ባስተካከለ።

እኛም ታዛዦች ነን። ሐኪም ያዘዘልንን ኪኒን ግማሹን እናስቀራለን፤ ኮች ያዘዘውን እንቁላል ግን አንዲት አናጎድልም።

በቀደም አንዱን ቀጭን ልጅ ሽሮ እንዲያቆም ሲመክረው ሰማሁ። ልጁ በትህትና «ኮቼ፣ እኔ እኮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግብ ነው ያጠናሁት፤ ሽምብራ ፕሮቲን አለው» አለው።

ኮቻችን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ፑል አፕ ስንት ትሠራለህ?»

«ሦስት።»

«በቃ፣ ሽሮውን አቁም።»