ማስተካከያ፦ በቤተ ሙከራ የሚያድግ ሥጋ ከዕፅዋት አይሠራም
በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በቴሌግራም በስፋት የተሰራጨ ጽሑፍ፣ በቤተ ሙከራ የሚያድግ ሥጋ ከዕፅዋት ስለሚሠራ የጾም ምግብ እንደሆነና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከሥጋ ተመጋቢዎች ይልቅ እንደሚፈልጉት ገልጿል፤ ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ሥጋው የሚያድገው ከእንስሳ ከተወሰደ ሕዋስ ስለሆነ፣ ከአኩሪ አተር ከሚዘጋጀው ሥጋ መሰል ምግብ ጋር ሊምታታ አይገባም። በባለሙያዎች ተገምግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ የመጠይቅ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሥጋ የማይበሉት ተሳታፊዎች ከእርባታ ሥጋ የተሻለ ጥቅም እንዳለው ይበልጥ ቢቀበሉም፣ ለመቅመስ ይበልጥ ፈቃደኞች የነበሩት ሥጋ ተመጋቢዎቹ ናቸው፤ ሥጋን በእምነት ወይም በኅሊና ለተወ ሰው ይህ ማመንታት የሚጠበቅ ይመስለኛል።

ምርቱ በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ስለተፈቀደ፣ ጽሑፉን አምኖ እዚያ ላለ ጿሚ ዘመዱ «የጾም ነው» ብሎ የላከ ሁሉ ይህንንም እንዲልክለት በአክብሮት እንጠይቃለን።